የቤልጅግ ኮርማና የሰባት ቤት ቍጥር

ሰው ዓይኑን የሚሞላ ነገር ባየ ጊዜ መጠየቅ ይረሳል። ፈረስ ሲገዛ የአንገቱን አወጣጥ፥ በሬ ሲገዛ የቀንዱን አዘረጋግ አይቶ ይደሰታል፤ ኰቴውንና ጥርሱን መመርመር የሚጀምረው ግን ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው በሌላ ሰው ለመፍረድ አይደለም፤ በገዛ ቤተ ሰባችን የደረሰውን ስለማውቅ ነው። ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር በቤልጅግ አገር ያየሁትን ለተከበራችሁ አንባቢዎች ለመንገር የተነሣሁትም፥ ከብት ላለው ቤት ሁሉ ይጠቅማል ብዬ ነው። የአውሮፓን ታሪክ ስነግር ዓመቶቹን የምጽፈው በእነርሱ አቈጣጠር ነው።

ታላቅ ወንድሜ በራያ ቆቦ ከብት ያረባል። የራያ ከብት በቀንዱ የታወቀ ነው፤ ቀንዱ ከግንባሩ ወጥቶ ወደ ጎን ከሰፋ በኋላ እንደ በገና ክንዶች ወደ ላይ ይቀናል። በወንድሜ መንጋ ውስጥ ወይኖ የሚባል ኮርማ ነበር፤ መልኩ የወይን ጠጅ ይመስላል፤ ከቀንዱም ማማር የተነሣ በገበያ መንገድ ሲያልፍ ሰው ቆሞ ያየው ነበር። ወንድሜም ስለዚህ ቀንድ ሲል ሌሎቹን ወይፈኖች ሁሉ አኰላሽቶ ለዘር ወይኖን ብቻ አስቀረ። ስምንት ዓመት ሙሉ መንጋውን የሚያጠቃ እርሱ ብቻ ሆነ፤ መጀመሪያ ላሞቹን አጠቃ፥ ሴት ልጆቹም ለአቅመ ኮርማ በደረሱ ጊዜ እነርሱንም አጠቃ። የሚወለዱት ጥጆች ሲያድጉ ቀንዳቸው ያማረ ሆነ፤ ወንድሜም እጅግ ደስ አለው።

ነገር ግን ከጊዜ በኋላ ጊደሮቹ ቢጠቁም አልይዝ አሉ። ከያዙትም አንዳንዶቹ አስጨነገፉ፤ ከተወለዱትም ጥጆች አንዳንዱ በእግሩ ቆሞ ጡት ሳይዝ ይሞት ጀመር። ወንድሜ አንድ ጊዜ የሰው ዓይን ነው አለ፤ ሌላ ጊዜ የግጦሹ ነገር ነው አለ፤ ጠበልም አስረጨ። እኔ ለሥራ ጕዳይ ወደ ብሩክሴል እንደምሄድ በሰማ ጊዜ በስልክ እንዲህ አለኝ፤ «ወንድምዓለም፥ ፈረንጆች በከብት ነገር ብልሃት አላቸው ይባላል። ወይኖ አርጅቷል፤ ልጁን በእርሱ ፋንታ ላቆም ነው። ለጥጆቹ የሚሆን መድኃኒት ቢኖር ጠይቅልኝ፤ ይህ ቀንድ ከቤታችን እንዲወጣ አልፈልግም።» እኔም፥ «እሺ ጋሼ፥ እጠይቃለሁ» ብዬ ሄድሁ።

በብሩክሴል የነበረኝን ሥራ ከፈጸምሁ በኋላ፥ በዚያ አገር ብዙ ዓመት የኖረ አንድ ያገሬ ሰው፥ «ከብት ማየት ከፈለጉ በሐምሌ መጨረሻ በሊብራሞን ከተማ በየዓመቱ ትርኢት ይደረጋልና ወደዚያ ይሂዱ» ብሎ መከረኝ። ስለዚህ ቅዳሜ ጧት በባቡር ተሳፍሬ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ተጓዝሁ። ናሙር ከምትባል ከተማ ስንደርስ ሳምብር የተባለው ወንዝ ከሜዝ ወንዝ ጋር ሲገናኝ አየሁ፤ ከሁለቱም ወንዞች በላይ በገደሉ ራስ ላይ ታላቅ ምሽግ ተሠርቷል። ባቡሩ ከዚያ ተነሥቶ ኮንድሮ ወደሚባለው አገር ወጣ። ኮንድሮ የሰንተረርና የሸለቆ አገር ነው፤ ሰንተረሩ ሲያልፍ ሸለቆ፥ ሸለቆው ሲያልፍ ሌላ ሰንተረር፥ እንደ እርሻ ትልም ተከታትሎ ይሄዳል። በከፍታው ላይ ዱርና እህል፥ በዝቅታው ላይ ለምለም ግጦሽ አለ፤ የገበሬዎቹም ቤቶች በግራጫ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። በከብት ገበያዋ የታወቀችውን የሲኔን ከተማ አልፈን፥ የአርደንን ደን አቋርጠን፥ ሁለት ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ ሊብራሞን ደረስሁ።

በእኛ አገር ክረምቱ በሚበረታበት ወር በዚያ በጋ ነውና፥ ሕዝቡ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ በሜዳው ላይ ሞልቶ ነበር። በአንድ ወገን የእርሻ መኪናዎች ተሰልፈዋል፤ በሌላው ወገን አርደኔ የሚባሉት አንገተ ወፍራም የጋሪ ፈረሶች ቆመዋል፤ አይብና በጢስ የደረቀ ሥጋም ይሸጣል። እኔ ግን ወንድሜ የላከኝን ነገር አስቤ በቀጥታ ወደ ኮርማዎቹ ሄድሁ።

የዚህ አገር የታወቀው ከብት «ሰማያዊና ነጭ የቤልጅግ ከብት» ይባላል። ሰማያዊ የሚሉት ነጭና ጥቁር ጠጕር የተቀላቀለበትን መልክ ነው፤ የእኛ ገበሬ ቢያየው ዳልቻ ይለው ነበር። የሚያስደንቀው ግን መልኩ ሳይሆን ሥጋው ነው። ትከሻው ያበጠ ይመስላል፤ ታፋው ወደ ኋላ ወጥቶ እንደ ሁለት ትልልቅ ቅርጫቶች ክብ ሆኗል፤ ቆዳውም ስስ ከመሆኑ የተነሣ አንዱ ሥጋ ከሌላው የሚለይበት መስመር በግልጥ ይታያል። ይህ መስመር ጎልቶ እንዲታይ ብለው የጀርባውን ጠጕር ላጭተው፥ አጥበው፥ አበጥረው ያቀርቡታል። አንድ የደረሰ ኮርማ ከ1100 እስከ 1250 ኪሎ ይመዝናል። ከዚህ ሁሉ ሥጋ በታች ያሉት እግሮች ቀጫጭኖች ይመስላሉ፤ ሲራመድም እንደ ሽማግሌ መኰንን በዝግታ ነው። ዳኛው ታፋውን በእጁ መታ መታ አድርጎ ለአሸናፊው ሽልማት በሰጠ ጊዜ ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔም እውነቱን ለመናገር አጨበጨብሁ። ፎቶግራፍም አነሣሁት። በልቤም፥ «የዚህን ዘር ለወንድሜ ብወስድለት የቀንዱን ነገር ይረሳው ነበር» ብዬ አሰብሁ።

ከኮርማው አጠገብ የቆመውን ገበሬ፥ በሚስዮን ትምህርት ቤት በተማርሁት ፈረንሳይኛ ሰላምታ ሰጥቼ፥ «ጌታዬ፥ እንዲህ ያለ ሰፊ ጥጃ ከእናቱ እንዴት ይወለዳል?» ብዬ ጠየቅሁት። ሰውየው ሳቀና፥ «በበር አይደለም፥ በመስኮት ነው» አለኝ። ነገሩ እንዳልገባኝ ባየ ጊዜ፥ በኮንድሮ ወዳለው እርሻው መጥቼ በዓይኔ እንዳይ ጋበዘኝ። በማግሥቱም ሄድሁ።

ቤቱ ከነበረቱ በድንጋይ የተሠራ የቆየ ቤት ነው። በዚያ የሚኖሩት ገበሬው፥ ሚስቱ፥ ሁለት ልጆቻቸውና ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው አባቱ ናቸው። እንደ ቤተ ዘመድ ተቀበሉኝ። ራት በልተን ሳንጨርስ ልጃቸው ከበረት መጥታ፥ «ላሚቱ ቀኗ ደርሷል» አለች። እመቤቲቱ ወዲያው ወደ ከብት ሐኪም ስልክ ደወለች፤ ምጡን ለመጠበቅም፥ ለማማጥም የሞከረ ሰው አልነበረም።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ላሚቱን በግድግዳው አጠገብ እንደ ቆመች አሰሯት፤ በግራ ጎኗ በኩል ያለውን ጠጕር ላጩ፤ ቦታውን አጥበው ሥጋ የሚያደነዝዝ መርፌ ወጓት። ከዚያም ሐኪሟ ጎኗን በቢላዋ ቀደደች፤ ማኅፀኑንም ከፍታ የጥጃውን እግሮች ያዘች፤ ገበሬውና ልጁ ወደ ላይ ስበው አወጡት። ላሚቱ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቆማ ነበር። በጎኗ ላይ ካሁን በፊት የተሰፋችበት የሁለት ጊዜ ጠባሳ አየሁ። ጥጃው በሕይወት ተወለደ፤ ምላሱ ግን ወፍራም ስለ ነበረ ጡት ለመያዝ አልቻለም። ስለዚህ እመቤቲቱ በገለባ አሸችውና እንገሩን በጡጦ አጠጣችው። ሐኪሟም የተቀደደውን ሰፍታ፥ እጇን ታጥባ፥ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሥራዋን ፈጸመች።

እጃቸው የሠለጠነ ነው፤ ለላሚቱም ይራሩላታል፤ ይህን መመስከር ይገባኛል። ነገር ግን እናቲቱ አንገቷን አዙራ ጥጃዋን ስትፈልግ ባየሁ ጊዜ ልቤ አዘነ። ሽማግሌው አባት በበትራቸው ተደግፈው ከአጠገቤ ቆመው ነበርና፥ «ልጅ ሳለሁ ጧት ወደ ሜዳ ስንወጣ ላሟ ሌሊት ብቻዋን ወልዳ ጥጃዋን ስትልሰው እናገኛት ነበር» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለውም፥ «የዚያን ጊዜ ሐኪም የምንጠራው ለታመመች ላም ነበር፤ ዛሬ ለጤነኛዋ እንጠራለን» አሉ።

በቤቱ ውስጥ ቡና ስንጠጣ ሐኪሟን ጠየቅኋት፤ «ይህ በአንዳንድ ላም ላይ የሚደርስ ነው ወይስ በሁሉ?» እርሷም፥ «ዘራቸው ንጹሕ ከሆነ ከ100 ልደት ከ90 የሚበልጠው እንዲህ ነው» አለችኝ። ምክንያቱንም ስታስረዳኝ፥ ሰዎች በየዘመኑ ታፋው ይበልጥ የሰፋውን ኮርማ እየመረጡ ሲያራቡ ጥጃው ሰፋ፥ የእናቲቱ የመውለጃ መንገድ ግን ጠበበ አለች። ደግሞም ሥጋው በበዛበት መጠን ልቡና ሳንባው አብረው አላደጉም፤ ስለዚህ ከብቱ በሙቀት ቶሎ ይደክማል፥ የመተንፈሻ በሽታም ይከብደዋል። ስለ ወንድሜ አገር ቈላነት ነግሬ የዚህን ኮርማ ዘር ስለ መውሰድ ባማከርኋት ጊዜ፥ «ጌታዬ፥ በዚያ ሌሊት ቢላዋ ይዞ የሚደርስ ሐኪም አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም አልሁ። «እንግዲያውስ ላሚቱ ከነጥጃዋ ትሞታለች» አለች። የፎቶግራፉ ደስታ በዚያን ጊዜ ከልቤ ወጣ።

የዚህ ከብት ነገር ከጥንት እንዲህ አልነበረም። ከ1850 እስከ 1890 ባለው ጊዜ ውስጥ የቤልጅግ ገበሬዎች ያገራቸውን ላሞች ዱራም ከሚባለው አጭር ቀንድ ካለው የእንግሊዝ ኮርማ ጋር አዳቀሉ፤ የተገኘውም ከብት ወተትም ሥጋም የሚሰጥ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ሥጋ ሻጩ ስብ የሌለውን ብዙ ሥጋ ፈለገ፤ አልፎ አልፎ ሲወለድ ይታይ የነበረውም ባለ ድርብ ሥጋ ጥጃ ዋጋው ከሌላው በለጠ። በዚያው ዘመን የኮርማውን ዘር በብልቃጥ አድርጎ ወደ ሩቅ ላም የመላክ ጥበብ ተስፋፋ፤ ስለዚህ አንድ ያማረ ኮርማ በአንድ መንደር ፋንታ በአገሩ ሁሉ የሺሕ ጥጆች አባት ለመሆን ቻለ። በሊየዥ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት መምህር ሮዤ ሃንሴ ይህን ድርብ ሥጋ በመምረጥና የውርሱን ሕግ በመመርመር የታወቁ ናቸው። እመቤቲቱም፥ «ሥጋ ሻጩ በሚከፍለን ዋጋ ነው ልጆቻችንን የምናስተምረው» አለችኝ፤ ይህም እውነት ነው። ጥቂት ገበሬዎች ግን ወተትና ሥጋ በአንድነት የሚሰጠውን የቀድሞውን ወገን እስከ ዛሬ ያረባሉ።

ከዚህ በኋላ ገበሬው የከብቶቹን የትውልድ መዝገብ አወጣልኝ። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝና የርስት ክርክር ሲመጣ የትውልድ ሐረግ መቍጠር የዘወትር ሥራዬ ነው። ጣቴን በመዝገቡ ላይ እያስኬድሁ የዚያን ሌሊት የተወለደውን ጥጃ አባትና እናት፥ አያትና ቅድመ አያት ቈጠርሁ። በአባቱ ወገን ያገኘሁትን አንድ የታወቀ ኮርማ በእናቱ ወገንም አገኘሁት፤ ወረድ ብዬ ስቈጥር ሌላም እንዲሁ ሁለት ጊዜ ተጽፎ አየሁ። በእኛ አገር ሽማግሎች ተቀምጠው ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቈጥሩ እንዲህ ያለ ነገር ቢያገኙ ሰርጉ ያን ቀን ይፈርስ ነበር። ይህን ብነግራቸው ሐኪሟ፥ «ሽማግሎቻችሁ መልካም አድርገዋል» ብላ ምክንያቱን አስረዳችኝ። እኔም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት በተማርሁት ምሳሌ ተረዳሁት፤ ለአንባቢዎችም በዚያው ምሳሌ እነግራለሁ።

መምህራችን ቍም ጽሕፈት ሲያስተምሩን፥ አንድ ጸሐፊ ቃል ቢዘል ከእርሱ መጽሐፍ የሚገለብጡ ሁሉ ያንን ስሕተት ይወርሳሉ ይሉን ነበር። የእንስሳም የሰውም ሰውነት የሚታነጽበት ትእዛዝ በእያንዳንዱ አካል ውስጥ እንደ መጽሐፍ ተጽፎ ይገኛል፤ ሊቃውንት የዚህን መጽሐፍ እያንዳንዱን ትእዛዝ ጂን ይሉታል። ከትእዛዞቹ አንዱ ሥጋ ሲያድግ «ይብቃህ» የሚለው ነው። በ1997 በሊየዥ የሚሼል ዦርዥ ባልደረቦች፥ በአሜሪካም ሌሎች ሊቃውንት፥ የዚህ ከብት ትእዛዝ ምን እንደ ጐደለው አገኙ፤ 11 ፊደል ከመካከሉ ወድቋል። ስለዚህ «ይብቃህ» የሚለው ቃል ሳይነበብ ይቀራል፤ ሥጋውም ሳይከለከል ያድጋል። ሕዝብ የሚያጨበጭብለት ውበት የጸሐፊ ግድፈት ኖሯል።

ነገር ግን ሰዎች ያዩትና የመረጡት ግድፈት እርሱ ብቻ ነው፤ ያላዩት ደግሞ አለ። ጥጃ ከመጽሐፉ ሁለት ቅጂ ይወርሳል፤ አንዱን ከአባቱ፥ አንዱን ከእናቱ። በአንዱ ቅጂ ስሕተት ቢኖር ብዙውን ጊዜ ሌላው ያርመዋል፤ ስለዚህ ብዙ ክፉ ግድፈት በጤነኛ ከብት ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል። ሁለቱም ቅጂዎች ከአንድ ስሕተተኛ መጽሐፍ የተገለበጡ ከሆኑ ግን አንዱ ሌላውን የሚያርምበት መንገድ የለም። ኮርማ የገዛ ልጁን ቢያጠቃ፥ በጥጃው ውስጥ ማናቸውም ትእዛዝ በሁለቱም በኩል ከአንድ ቅጂ የመገልበጡ ዕድል ከ4 አንድ ነው፤ በአባት ብቻ ከሚገናኙ ወንድምና እኅት ቢወለድ ከ8 አንድ ነው፤ ዝምድናው በራቀ ቍጥር ዕድሉ ያንሳል። ሰባት ቤት መቍጠር በዚህ ሂሳብ ሲታይ ጥቅሙ ይገለጣል።

ለዚህም በቤልጅግ የታየ ምስክር አለ። በዚህ ከብት መካከል ጭራቸው የተጣመመ፥ እድገታቸው የቀጨጨ፥ አንዳንዶቹም በጕሮሮ በሽታ በሕፃንነታቸው የሚሞቱ ጥጆች በዙ። በ2009 የታተመው የሊቃውንት ምርመራ እንዳስረዳው ምክንያቱ የሌላ ትእዛዝ 2 ፊደል መጥፋት ነው። ከሁለት ወገን የወረሰው ጥጃ ይጣመማል፤ ከአንድ ወገን ብቻ የወረሰው ግን ጤነኛ ይመስላል፥ እንዲያውም ሥጋው ከሌላው ጥቂት ይበልጣል። ስለዚህ በትርኢት የሚመርጡት ሰዎች ሳያውቁ ተሸካሚውን እየመረጡ ከ4 ከብት 1 ያህሉ የዚህ ግድፈት ተሸካሚ እስኪሆን አደረሱት። ምርመራው ከታወቀ በኋላ ገበሬዎቹ ሁለት ተሸካሚዎችን እንዳያገናኙ መጠንቀቅ ጀመሩ።

ሐኪሟ አንድ ሌላ ነገርም ነገረችኝ፤ እርሱም የወንድሜን ነገር የፈታልኝ ነው። የዚህን ኮርማ ዘር ለሌላ ወገን የወተት ላም ቢሰጡ፥ ጥጃው ድርብ ሥጋ የሚያመጣውን ግድፈት ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚወርስ ሥጋው መጠነኛ ሆኖ ብዙውን ጊዜ በበሩ ይወለዳል፤ በአውሮፓ ብዙ አገር የሚሠሩበትም እንዲህ ነው። የተሰወሩትንም ግድፈቶች ባዕዲቱ እናት በራሷ ቅጂ ታርማቸዋለች። «ስለ ወንድምዎም ኮርማ ቢጠይቁኝ በደለኛው ቀንዱ አይደለም፤ በደለኛው ከልጆቹ ጋር መተዉ ነው» አለችኝ። መድኃኒትስ የለውም ወይ ብላት፥ «መድኃኒቱ እንግዳ ኮርማ ነው» አለች።

ወደ ብሩክሴል ከተመለስሁ በኋላ የእነዚህ ከብቶች አያት የሆነውን የዱራምን ታሪክ ፈልጌ አነበብሁ። በ1810 በእንግሊዝ አገር በዳርሊንግተን አጠገብ፥ ቻርልስ ኮሊንግ የተባለው ገበሬ ከብቱን ሲሸጥ ኮሜት የሚባለው ኮርማ በ1000 ጊኒ ተሸጠ። የኮሜት አባት ፌቨሪት ነው፤ እናቱ ደግሞ ፌቨሪት ከገዛ እናቱ የወለዳት ናት። በዚያው ሽያጭ ላይ ቶማስ ቤትስ የተባለው ሰው የኮሜትን ልጅ ገዝቶ «ዱቼስ» የተባለውን ወገን ከእርሷ አራባ፤ ዘሩንም ከሌላ ላለማደባለቅ ይሳሳ ነበር። ዳርዊን በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ እንደሚነግረን ግን ቤትስ ራሱ በ17 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ እንግዳ ደም ለማስገባት ተገደደ፤ ይህንንም ያደረገው ለመልካቸው ሳይሆን መውለዳቸው ስለ ቀነሰ ነው ይባላል። እርሱ ከሞተ በኋላ ባለጠጎች በስሙ ተሻሙ፤ በ1873 በአሜሪካ በኒው ዮርክ ሚልስ አንዲት የዱቼስ ላም በ40600 ዶላር ተሸጠች። ገዢዎቹ የከፈሉት ለስሟ ነው፤ ዘሯ ግን መካንነት እየበዛበት መነመነ።

በጥቅምት ወር ወደ ቆቦ ወረድሁ። ወንድሜ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፥ «መድኃኒቱን አመጣህ?» አለኝ። «አመጣሁ ጋሼ፥ ነገር ግን በብልቃጥ አይደለም» አልሁት። ማታ የልጁን ደብተር ተቀብዬ፥ ወንድሜና እረኛው እየነገሩኝ፥ የእያንዳንዷን ላምና ጊደር አባትና እናት እንደ ፍርድ ቤት መዝገብ ጻፍሁ። 14ቱን ጽፌ ስጨርስ የ11ዱ አባት ወይኖ ሆኖ ተገኘ፤ ከእነዚህም የ4ቱ እናት ደግሞ የወይኖ ልጅ ነበረች። ለአባቱ ወራሽ የታሰበው ወይፈንም እንደዚሁ ነበር። ጮክ ብዬ አነበብሁለት፤ «አባት፥ ወይኖ። የእናት አባት፥ ወይኖ።» ወንድሜ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ካቻምና ለታላቅ ልጁ ያጩለት ልጅ በአምስተኛው ቤት ዘመድ ሆና ስለ ተገኘች፥ ድግሱ ተደግሶ ሳለ ጋብቻው ቀርቶ ነበር። እርሱን ያሰበ ይመስለኛል፤ «ለሰው በአምስተኛው ቤት ሰርግ አፍርሰናል» ብሎ ተነሣና ወደ በረቱ ወጣ።

በማግሥቱ ከወይኖ ዘር ምንም ከብት ወደሌለበት ሩቅ መንደር ሰው ላከ። ወይፈኑን ሰጥቶ በለውጡ አንድ ዳልቻ ኮርማ ተቀበለ። ወይፈኑ ሲነዳ ወንድሜ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኘው፤ በዚያ ቀንም እህል አልቀመሰም። እኔ ግን ቀንዱ በዚያ በባዕዳን ላሞች መካከል እንደማይጠፋ ስለማውቅ ብዙ አላዘንሁም። አዲሱ ኮርማ ቀንዱ አጭር ነውና ጎረቤቶቹ፥ «ይህ የማን ፍየል ነው?» እያሉ ይቀልዱበታል።

እንግዲህ ከብት ያላችሁ አንባቢዎች ሆይ፥ የማሳስባችሁ ጥቂት ነገር ነው። ኮርማ ሴት ልጆቹ ከመድረሳቸው በፊት ይለወጥ፤ ለውጡም ከጎረቤት በረት ሳይሆን ዘር ከማይገናኝበት ከሩቅ ይሁን። የተወለደው ጥጃ ሁሉ ከአባቱና ከእናቱ ስም ጋር ይጻፍ፤ ይህን የሚጽፍ ተማሪ ልጅ ዛሬ በየቤቱ አይጠፋም። ለዘር የሚቀረውንም ወይፈን ስትመርጡ ቀንዱንና ታፋውን ብቻ አትዩ፤ እናቱ በሰላም ትወልድ እንደ ሆነ፥ ወተቷ ይበቃ እንደ ሆነ፥ እኅቶቹ ቶሎ ይይዙ እንደ ሆነ፥ ድርቅና ሙቀት ይችሉ እንደ ሆነ ጠይቁ። ያማረ ነገር መውደድ ነውር አይደለም፤ ለአንድ ውበት ሲባል ሌላውን ሁሉ ሳይቈጥሩ መተው ግን ዕዳው ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ይህን ስጽፍ ከዳልቻው ሁለት ጊደሮች ይዘዋል ብሎ ወንድሜ በስልክ ነግሮኛል። ወይኖም ከእርጅናው የተነሣ በጓሮው ጥላ ሥር ይውላል፤ መንገደኛ ዛሬም ቆሞ ያየዋል። ደብተሩ በቤቱ ምሰሶ ላይ ተሰቅሏል፤ የአዲሶቹ ጥጆች ስም የሚጻፍበት ገጽ ገና ባዶ ነው።